ማሟሻ

እናቴ ከአዲስ አበባ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ፣ እኔ ቤት ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ከአንዲት ቡጢ ከምታክል ሞተር ጋር ስታገል በሩ ላይ ቆመች፤ አሸተት አሸተት አደረገችና፦

«ማነው ምጣድ የሚያሟሸው?» አለች።

ምጣድ የለም። አፍንጫዋ ግን አልዋሻትም። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር የሚጠጣው ሜታኖል ነው፤ ለጉልበት ናይትሮሜቴን ጠብ ይደረግበታል፤ ማለስለሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ፣ ቢያንስ በከፊል፣ የጉሎ ዘይት ነው። እኛ ተቆልቶ የተወቀጠ ጉሎ ምጣድ እናስስበታለን፤ ፈረንጅ በደቂቃ ከአሥር ሺህ ዙር በላይ ለሚሽከረከር ብረት ያጠጣዋል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖችም ብዙዎቹ በጉሎ ዘይት ነበር የሚለሰልሱት። ጭሱ አብራሪው ፊት ላይ ይረጭ ነበር። ጉሎ ሆድን ምን እንደሚያደርግ በልጅነቱ የቀመሰ ሰው ያንን ጭንቅ ሳይነገረው ይረዳል።

የኔ ጭንቅ ግን ሌላ ነው። ሞተሯ አዲስ ናት፤ 6.5 ሲሲ። መመሪያ ወረቀት አብሯት መጥቷል፤ አላነበብኩትም። መመሪያ የሚነበበው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያበላሸሁት ካንዴላውን ነው። የዚች ካንዴላ እንደ መኪናው ብልጭታ አትሰጥም፤ ሆዷ ውስጥ ፕላቲነም ያለባት ጥምዝምዝ ሽቦ አለች። 1.5 ቮልት ባትሪ ያግላታል። ሞተሯ ከተነሳች በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ፕላቲነሙና ሜታኖሉ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ሙቀት፣ የሲሊንደሩ እመቃ ተጨምሮበት፣ ፍሟን ያቆየዋል። አሜሪካዊው ሬይ አርደን በ1947 እ.ኤ.አ. ይህችን ካንዴላ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ባትሪና ኮይል ተሸክሞ ከመብረር ተገላገሉ። ለእኔ ግን 1.5 ቮልት ስድብ መሰለኝ። የመኪናዬን 12 ቮልት ባትሪ አገናኘሁ። ካንዴላዋ እንደ መብረቅ አንዴ ቦግ አለችና ጨለመች። ስምንት ዶላር።

ከዚያ መርፌው መጣ። ካርቡራተሩ ላይ ነዳጁን የምትመጥን መርፌ አለች። ቨርጂኒያ ያለው ጓደኛዬ በስልክ «ሁለት ተኩል ዙር ክፈታት፣ በቃ» አለኝ። እሱ የሚኖረው ባሕር አጠገብ፣ እኔ ከ1,600 ሜትር በላይ። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በእሱ ልክ የተቀዳ ነዳጅ ይበዛባታል። ተንተፋተፈች፣ ተፋች፣ ሸሚዜን ዘይት አለበሰችው። በንዴት ፕሮፔለሩን በጣቴ መታሁት። ወረቀቱ «በእንጨት ምታ» ይል ነበር ለካ። በዚያው ቅጽበት ተነሳች፤ ጣቴንም ነክሳው ጠፋች።

እናቴ ጣቴን እየጠቀለለች፦ «አንተ ልጅ፣ አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ ይጋገርበታል?»

«አይጋገርም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይቺን ለምን አታሟሻትም?»

ወረቀቱን ያን ጊዜ አነበብኩት። ቃል በቃል እሷ ያለችውን ነው የሚለው፦ መጀመሪያ ነዳጁ ይብዛላት፣ ዘይቱ ያርሳት፣ ጥቂት ደቂቃ ትሂድ፣ ትቀዝቅዝ፣ ትደገም። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማርሚታው ዘይት ያዘንባል፣ ሞተሯ ታጉረመርማለች፤ እሷ «አሁን ትብረድ» ትላለች፤ እኔ አጠፋለሁ። ሦስት ታንክ እንዲህ አለቀ። ከዚያ መርፌዋን በትንሽ በትንሹ ዘጋሁ። ጉርምርምታው ቀርቶ ድምፅዋ ቀጠነ፣ አማረ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጣም የሚጣፍጠው ድምፅ የረሃብ ድምፅ ነው። መሬት ላይ ደህና ትዘፍናለች፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ስታቀና ነዳጁ ሽቅብ መውጣት ያቅተውና ትጠፋለች። ስለዚህ ጫፍ ላይ ከደረሰች በኋላ መልሶ ትንሽ መክፈት፣ አውሮፕላኑንም አንስቶ አፍንጫውን ሽቅብ ይዞ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

«እህል አንሷታል፣ ጨምርላት» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ይሄ ሞተር ነው።»

አልጨመርኩላትም። ሜዳው ላይ ተነስታ፣ ዛፎቹን አልፋ ሽቅብ ስትል ጸጥ አለች። ሣሩ ላይ በሰላም መውረዷ የእናቴ ጸሎት እንጂ የኔ አነዳድ አይደለም። መርፌዋን ትንሽ ብቻ ከፈትኩላት፤ በሁለተኛው ሙከራ ዘጠኝ ደቂቃ በረረች።

አዲስ ሞተር ያላችሁ ካላችሁ፣ እናቴ እስከ ጥቅምት እዚሁ ናት። ካንዴላ ይዛችሁ ኑ፤ የመኪና ባትሪ ግን አታምጡ።