ምርጫ በወርኀ ጽጌ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሚካሄድበት ማክሰኞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጥቅምት 23 እስከ 29 ባሉት ቀናት ላይ ስለሚውል፣ ከዘመነ ጽጌ፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የድንግል ማርያምና የልጇ ስደት ከሚታሰብበት ወቅት፣ አያመልጥም። በዚያ አገር የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ድምፅ የሚሰጡት እንግዲህ ስለ ስደት በሚዘመርበት ሰሞን ነው፤ ከዕጩዎቹ አንዱ ስለ ስደተኞች ክፉ ቃል ከተናገረማ ማሕሌቱ ሳይታሰብ የቅስቀሳ መልክ ይይዝና ሊቃውንቱ ወረብ ከማቅረባቸው በቀር ምንም ሳያደርጉ ይታማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1954 በሴናተር ሊንደን ጆንሰን አቅራቢነት በግብር ሕጉ ላይ የታከለው አንቀጽ ከግብር ነፃ የሆኑ የሃይማኖት ተቋማት ዕጩን እንዳይደግፉም እንዳይቃወሙም ይከለክላል። የገቢ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ ክልከላው በአምልኮ ጊዜ ለምእመናን የሚነገረውን እንደማይመለከት ቢገልጽም፣ የሕንፃ ዕዳ ያለበት የደብር አስተዳዳሪ በዚህ ፈቃድ ለመጠቀም አይቸኩልም፤ ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍሉት አባላት ከሁለቱም ፓርቲ ናቸውና።

ስለዚህ ክርክሩ ከዐውደ ምሕረቱ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ይወርዳል። በዚያም ጠበል ጸዲቅ፣ ይኸውም ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን የሚቀርበው መብል፣ ሲታደል የታክሲ አሽከርካሪው ስለ ቤንዚን ዋጋ፣ አዛውንቱ ስለ ጽንስ ማስወረድ፣ ዲቪ የደረሳት እኅቱን የሚጠብቀው ጎልማሳ ደግሞ ስለ ቪዛ ይናገራሉ። የአክብሮቱ ሥርዓት ረቂቅ ነው፦ ጎልማሳው አዛውንቱን ሊቃወም ሲነሣ «አባባ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው» ብሎ ይጀምርና ልክ የተባለውን ነገር አንድ በአንድ አፍርሶ ሲያበቃ፣ የአዛውንቱን ሳህን ተቀብሎ ምስር ወጥ አስጨምሮ ይመለሳል። አዛውንቱም «ተባረክ» ብለው ሳህኑን ይቀበላሉ እንጂ ድምፃቸውን አይለውጡም።

ይህ ጨዋነት የተፈጥሮ ስጦታ እንዳይመስል ግን የቅርቡን ታሪክ ማየት ይበቃል። ይኸው ምእመን ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው በመሰደዳቸው ምክንያት «የአገር ቤት ሲኖዶስ»፣ «ስደተኛው ሲኖዶስ» እና «ገለልተኛ» በሚል በሦስት ተከፍሎ የኖረ ሲሆን፣ ሲኖዶሶቹ በሐምሌ 2010 በዋሽንግተን እስኪታረቁ ድረስ ገለልተኛው ራሱ በሁለቱም ዘንድ ወገን ያለው ተደርጎ ይታይ ነበር። በአሜሪካው ምርጫ ያልታየው መከፋፈል በአገር ቤቱ ጉዳይ የታየው፣ የመጀመሪያው ክርክር የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ የተቆረጠ ስለሆነ ይመስላል፤ ማለቂያውን የሚያውቅ ተከራካሪ እስከዚያ ድረስ ጨዋ ሆኖ መሰንበት አይከብደውም።

ይህን መላ ምት ክፉኛ የሚፈታተነው የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ነው። አጥቢያውን ከካህናቱ ጋር የሚያስተዳድሩት ምእመናን የሚመረጡበት ይህ ምርጫ ቀኑ በማስታወቂያ ተነግሮ የሚካሄድ ቢሆንም፣ ገንዘብ ያዡ ማን ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ «አባባ፣ ያሉት ልክ ነው» የሚል ሰው አይገኝም፤ ምስር ወጡም ሳይነካ ይበርዳል።