የእስስቱ ጓዝ

የሃዋይ ደሴቶች በደረቅ መሬት የሚሳብ አንድም የአገር ልጅ አልነበራቸውም። እባብ የለ፣ እንሽላሊት የለ፣ እስስት የለ። ዛሬ በየግድግዳው የሚሮጠውና በየቅርንጫፉ የሚንጠለጠለው ሁሉ ከውጭ የገባ ነው።

ባለሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት የመጣው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኦአሁ ደሴት፣ ካኔኦሄ በተባለ ሥፍራ፣ አንድ የቤት እንስሳት ነጋዴ ፈቃድ አውጥቶ አስመጣቸው። መንገድ አድክሟቸዋል ብሎ ሣጥኑን ግቢው ውስጥ ከፈተላቸው። እነሱም አረፉ፤ ከዚያ ዛፍ ላይ ወጡ፣ ቅጠሉን መሰሉ፣ ወለዱ፣ ተዋለዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ሆዳቸው ተከፍቶ ሲታይ፣ ከዚያ አገር በቀር የትም የማይገኙ ቀንድ አውጣዎች ከነዛጎላቸው ተገኙ። እስስት ያየ ሁሉ ስለ ቀለሙ ያወራል፤ የሚውጠው ግን በየትኛውም ቀለም ያው ነው።

የወደብ ተቆጣጣሪም ቢሆን የሚያየው ቆዳውን፣ ቀንዱንና ወረቀቱን ነው። ለእሱ እንዲህ ብንቀኝለት አይቀየመንም፦

ቆዳውን ስትፈትሽ ቆመህ በበራፉ፣
ከሆዱ ያደሩት ቀድመውህ አለፉ።

ከሆዱ ያደሩትን ለማወቅ እስስቱን መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ስለ ባልንጀሮቹ አይናገርም። ኩሱ ይበቃል። ተመራማሪው ኩሱን 2.5 በመቶ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ባለው ውሃ ዘፍዝፎ፣ አየር እያገኘ ጥቂት ቀን ያቆየዋል። ቀጥሎ በወፍራም የስኳር ውሃ በጥብጦ ያሽከረክረዋል። ከባዱ ቆሻሻ ይዘቅጣል፣ በአንጀት የሚኖረው ጥገኛ ተሕዋስ ይንሳፈፋል። ስኳር ባለበት ቦታ ከላይ የሚገኘው ምንጊዜም እሱ ነው።

ከላይ የተንሳፈፈውን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ አይሶስፖራ የተባለው ወገን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚሊሜትር 50ኛ እጅ ገደማ የሚሆን ፍሬ ነው። ዙሪያውን ጠንካራ አጥር አለው። ውስጡ ሁለት ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል አራት አራት ነዋሪ፤ ስምንት አፍ በአንድ አጥር! ሲዋጥ አጥሩ ይፈርስና ስምንቱም ይበተናሉ። እያንዳንዱ ከአንጀት ግድግዳ አንዲት ሕዋስ መርጦ ይገባል፣ እዚያው ሆኖ ይበላል፣ ይባዛል፤ ሲጠግብ ሕዋሷን አፈንድቶ ከወገኖቹ ጋር ወደ ጎረቤቷ ይሻገራል። አሳዳሪው ጤነኛ ከሆነና እንደ ልቡ ከተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ ተቻችለው ይኖራሉ። በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ አቅም ሲያንሰው ግን የእነሱ ዘመን ይመጣል። እሱ ሲከሳ እነሱ ይበረክታሉ።

አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሃዋይዋ ማዊ ደሴት የተደረሰበት፣ ራሱ ላይ ጉልላት የተሸከመው የየመን እስስት አለ። ከዚህ ዝርያ አንጀት የተገኘውን አንዱን ጥገኛ የቼክ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመዘግቡ አይሶስፖራ ያራጺምርማኒ አሉት። ያራ ጺምርማን ማን ነው ቢሉ፣ በቼክ ሬዲዮና ቴያትር የተፈጠረ፣ ኖሮም የማያውቅ ሊቅ ነው። እነሆ የሌለ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከአንጀት ይበላል። ሳይንስ ስለሆነ በሳቅ ታለፈ፤ በሌላ መዝገብ ቤት ቢሆን ደመወዝም ይቆረጥለት ነበር።

ሃዋይ ሕግ የላትም አይባልም። የየመኑን እስስት ይዞ የተገኘ እስከ 200,000 ዶላር መቀጫና እስከ 3 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። አስቀድሞ በፈቃዱ ላስረከበ ግን ምሕረት አለ፤ አይከሰስም። ቀድሞ የገባውን የኬንያውን እስስት ቤት ውስጥ ማኖር ተፈቅዷል። ከደሴት ወደ ደሴት በዝውውር መላክ ግን ክልክል ነው። እዚያ ይህን ያህሉ ገብቷቸዋል።

ጥገኛው የሚያመጣው ሕመም መድኃኒት አለው። የእንስሳት ሐኪሞች ቶልትራዙሪል የተባለውን ይሰጣሉ፣ እስስቱም ያገግማል። ከሆድ የወጣው ፍሬ ግን በመውጣቱ አልሞተም። አጥሩን እንደለበሰ ከጎጆው ወለል፣ ከውሃ መጠጫው ጠርዝ ተጣብቆ ተራውን ይጠብቃል። አሮጌውን እስስት አውጥተው ወንድሙን ቢያስገቡለት ያለ ቅሬታ ያስተናግደዋል፤ በቀለም አያበላልጥም። ተራ በረኪና አይነካውም። የሚገድለው የሚፋጅ እንፋሎት ነው፤ ያውም ጎጆው ባዶ ሆኖ ጥግ ጥጉ ሁሉ ሲዳረስ።