ሁለት የአዋቂ እርምጃ

ኮሮና የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ስላስዘጋ፣ የ2012ን ስቅለት ጎረቤታችን እትዬ ቴሌቪዥን ፊት ሰገዱ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ሳሎኑ በር ላይ አውልቀው። አርባ አንዱ ኪርያላይሶን ሳይሞላ መብራት ሄደ። ከየት ይቀጥሉ? የሚጠየቅ የንስሐ አባት በአጠገብ የለ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲከፈት ሌላ ፈተና። መግቢያው ላይ የቆመው ልጅ ሳኒታይዘር ጠብ ሲያደርግላቸው፣ ጠበል መስሏቸው ፊታቸውን ሊቀቡት ሲሉ ለጥቂት ተረፉ። ግቢው ውስጥ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀን ቆምን፤ አስተናባሪዎቹ ክንድ አያስነኩም። (ማስኬ ከአፍንጫዬ ሥር ነበር፤ መተንፈስ መቼም ኃጢአት አይደለም።)

ቅዳሴው ሲያልቅ ያ ሁሉ ተራርቆ የቆመ ምእመን አንድ ሚኒባስ ውስጥ ታጨቀ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ሁላችንም ታዘዝን። መመሪያው ግማሽ ጭነት በእጥፍ ሂሳብ ነበር፤ የተከበረው እጥፉ ነው።