ዳኛ፣ ቁራኛ፣ መገናኛ

የችግሩ መነሻ

ሁለት አዲስ አበቤዎች ለምሳ ተጠርተው የቤት በር ላይ ቢገጣጠሙ የሚሆነው ይታወቃል። «ይግቡ።» «ኧረ እርስዎ ይግቡ።» «በፍጹም!» «በሞቴ!» እየተባባሉ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ እየገፋ፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይቆማሉ። ሁለተኛ ለመሆን እንዲህ የሚታገል ሕዝብ ብዙ አይገኝም። እነዚሁ ሰዎች ከምሳ በኋላ በየመኪናቸው ገብተው መገናኛ ላይ ቢገጣጠሙ ግን አንደኛ ለመሆን ፓራውልት ለፓራውልት ይሳሳማሉ። ከዚያም መስኮት አውርደው ስለ አስተዳደግ ይጠያየቃሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ሲቆጣ ረግቶ መቆየት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ እስከ ስንት ደቂቃ?

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ አቀበት የተወሰነ ነው። ወሰኑ የተመረጠበት ምክንያት ሳይንሳዊ ነው፤ አጥኚው የተሳፈረበት ታክሲ ከዚያ ሊወጣ አልቻለም።

ስፍራው ለናሙና የተመቸ ነው። ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ የሚሄደው መንገድ ወደ ደሴ ያወጣል። ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሱ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች፣ አሸዋ የጫኑ ገልባጮች፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች፣ ቅጥቅጦችና የቤት መኪኖች ሁሉም በዚሁ ይተላለፋሉ። ሳይንስ ተሽከርካሪን በክብደት ይመድባል፤ የከተማው ሕዝብ ግን የሚመድበው በሚያሳድረው ፍርሃት ነው። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ሲል የሰየመው በዚሁ መስፈርት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ ከአያት ተነስቶ በዚሁ ሰፈር ሰንጥቆ ወደ ጦር ኃይሎች ያልፋል። በጥናቱ ቦታ ተቆጥቶ ያልተገኘ ብቸኛው ተሽከርካሪ እሱ ነው፤ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ የሚቀድመው የለምና።

ከዚህ ቀደም የተደረጉ ጥናቶች

ፈረንጆች ነገሩን በቁጥር ሞክረውታል። ጄሪ ዴፈንባከር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 የአሽከርካሪን ቁጣ የሚለካ መጠይቅ አወጡ። 33 ጥያቄዎች አሉት፤ በስድስት ክፍል ይመደባሉ፦ የጥላቻ ምልክት ማሳየት፣ ሕግ መጣስ፣ የፖሊስ መኖር፣ የሌላው ሰው ዘገምተኛነት፣ ሥርዓት ማጣትና የመንገድ መዘጋት። መጠይቁ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ከኮተቤ የተነሳ ሰው ሾላ ገበያ ሳይደርስ ስድስቱንም ክፍል ይጨርሳል። ለበዓል ዋዜማ የበግ መንጋ የተተወ ቦታ ግን በመጠይቁ ላይ የለም።

አንቶኒ ዱብና አላን ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ ይበልጥ ይማርካል። በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶና ሜንሎ ፓርክ ከተሞች ውስጥ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ሆን ብሎ የማይንቀሳቀስ መኪና ከፊት አቆሙ፤ አንዴ የሀብታም የሚመስል፣ አንዴ ያረጀ። አሮጌው ሲቆም ከኋላ ካሉት አሽከርካሪዎች 84 በመቶው ክላክስ አደረጉ። ውድ መኪናው ሲቆም ግን ክላክስ ያደረጉት 50 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት ሃያ ሁለት አካባቢ የሚሠራ ማንኛውም ወያላ ያለ በጀት ያውቀዋል። ላዳ ቆሞ ሲገኝ ባለቤቱ ይሰደባል፤ ጥቁር መስታወት ያለው ቪ-ኤይት ቆሞ ሲገኝ «ምን አጋጥሟቸው ይሆን?» ይባላል።

ለዚህም ቢሆን አገሩ ከካሊፎርኒያ የቀደመ ልምድ አለው። መኪና ከመምጣቱ በፊት ቅድሚያ የሚለየው በማዕረግ ነበር፤ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከእሱ የሚበልጥ ቢያገኝ ከበቅሎው ይወርዳል። መብራት አያስፈልግም፤ ተላላፊዎች ይተዋወቃሉ፣ ካልተዋወቁም ካባውና አጃቢው ይናገራል። እንግሊዛዊው ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ከእሷ ጋር አንድ ያልታሰበ ችግር አብሮ ገባ። ከአውቶሞቢል አይወረድም።

ሦስተኛው የኮሎራዶው ዊሊያም ዝሌምኮና የባልደረቦቹ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። መኪናው ላይ ብዙ የሚለጥፍ ሰው ይበልጥ በቁጣ ይነዳል ይላል፤ የተለጠፈው ጽሑፍ ስለ ሰላም ቢሆንም ባይሆንም ለውጥ የለውም። ይህን ለመፈተን ወደ ካራ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። በቀኝ ቅዱስ ገብርኤል፣ በግራ የአርሴናል አርማ፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ ስለ ትዕግሥት የተጻፉ አራት ጥቅሶች ይታያሉ። ሾፌሩ በዚያው ቅጽበት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚናገረው ከአራቱ ጋር አይገጥምም።

የቋንቋ ማስረጃ

ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራውልት፣ ቦሎ፤ የመኪናው ቃል ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ስድቡ ግን አንድም የውጭ ቃል የለበትም። ሕዝቡ መሣሪያውን ከውጭ አስገብቶ አጠቃቀሙን በአገር ውስጥ አምርቷል ማለት ነው።

የቁጣው መጠን በተውላጠ ስም ይለካል። በቤት በር ላይ የነበረው «እርስዎ» መገናኛ ሲደርስ «አንተ» ይሆናል። ቀጥሎ «አንተ ሰውዬ»፣ ቀጥሎም «ዓይን የለህም እንዴ?» ይመጣል። «መንጃ ፈቃዱን ከየት ነው የገዛኸው?» ሲባል ነገሩ ከፍ ብሏል። ሆኖም ከሁሉ የሚያስፈራው ወደ «እርስዎ» የሚመለሰው ነው፤ ጥርስ ተነክሶ «ጌታዬ፣ መንገዱን ገዝተውታል?» ሲባል ብልህ ረዳት በሩን ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደረጃ ለጥናቱ ዋና ነው። የተቆጣው ሰው ተቃዋሚውን ማናገር ይተዋል። ፊቱን ወደ እግረኛው አዙሮ «ይኼን ሰውዬ እዩልኝማ!» ይላል። «የሕግ ያለህ!» ይላል። ይህን የሚለው ሊደባደብ የፈለገ ሰው አይደለም፤ ሊደባደብ የፈለገ ሰው ተመልካች አይጠራም። እሱ ችሎት እየጠራ ነው።

የታሪክ ማስረጃ

«ቁራኛ» ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ተጠልሎ የቀረ ቃል ነው። ድሮ ግን ሥርዓት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ነገሩ ከከበደ በሰንሰለት ይታሰራሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዳኛውም የግድ ሹመት አያሻውም ነበር። ሁለት መንገደኞች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆማል፤ በዚያ የሚያልፍ ደኅና ሰው ተይዞ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ሙግቱ ይሰማል። በትልቁ ችሎት ሲሆን ደግሞ በላ ልበልሃ አለ፦ ነጠላውን ያደገደገ ተሟጋች ዱላውን እየሰበቀ፣ ቃሉን እየቀመረ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ ይከራከራል። ቁጣው ግን ልክ ነበረው፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዱላው ይወዛወዛል፣ ሰው ላይ አያርፍም።

አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ሥርዓቱ ገና በጉልበቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጎች ወጡ፣ ፍርድ ቤቶች ተሠሩ፣ ቁራኛም ቀረ። አስፋልቱም ተለወጠ፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 የአገሪቱ መኪና ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ፣ ምንም እንኳ አንዳንድ አሽከርካሪ እስከ ዛሬ ሁለቱንም እያከበረ ቢነዳም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ መገናኛ ያለውን መንገድ አሰፋ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዙ፤ ቁጣን በነዳጅ መርገጫ ማስጮኽ የለመደ ሰው ሐሳቡን በክላክስ ብቻ ለመግለጽ ተገደደ።

ይሁንና መገናኛ ላይ ፓራውልቶች በተነካኩ ቁጥር አሮጌው ሥርዓት ሳይጎድል ይነሳል። ሁለቱ መኪኖች ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ ንቅንቅ አይሉም፤ ጫፍ ለጫፍ እንደ ነጠላ ተቋጥረዋል። ተሟጋቾቹ ይወርዳሉ። በዱላ ፈንታ የመኪና ቁልፍ ይወዛወዛል። መንገደኛው ሥራውን ትቶ ክብ ሠርቶ ይቆማል። የጎደለው ዛፉ ብቻ ነው።

የማረጋጊያ ዘዴዎች

በአካባቢው በሥራ ላይ የዋሉ ዘዴዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው እጅ ማንሳት ነው፤ ራስን በትንሹ ዝቅ ማድረግ ይጨመርበታል። ምልክቱ «ይቅርታ»ም «አመሰግናለሁ»ም «እንግዲህ ቀድሜሃለሁ»ም ማለት ይሆናል። ጉልበቱ ያለው ከዚሁ አሻሚነት ላይ ነው፤ ተቀባዩ የትኛው እንደሆነ ሲያሰላ መብራቱ ይለወጣል።

ሁለተኛው መስታወት አውርዶ ቶሎ ዝምድና መፍጠር ነው። «ጋሼ»፣ «እናቴ»፣ «ወንድሜ» የሚባለው ሌላው አፉን ሳይከፍት ነው። ፊት ከታየ ዕድሜ ይታያል፤ ሽበት ከታየ የቤት በሩ ሥርዓት ይመለሳል። ዘዴው ጥቁር መስታወት ላይ አይሠራም። ሲኖትራክ ላይም አይሠራም፤ ከፍታው ዝምድና አያሰማም።

ሦስተኛው «ልክ ነህ፣ አጥፍቻለሁ» ማለት ነው። ይህ ከባድ መሣሪያ ነውና በጥንቃቄ ይያዝ። ሙግት የሚቆመው የሚክድ ተከሳሽ ሲኖር ነው። ከላምበረት ጀምሮ ቃሉን ሲቀምር የመጣ ከሳሽ ተከሳሹ ሲያምንለት ክርክሩ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል። አንዳንዱ ለጊዜው ይብስበታል፤ «እንደሱማ አትበለኝ!» ይላል። ከዚያ ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅምና ይሄዳል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት አራተኛ ዘዴ ያለ መስሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ሊጎበኙ የሚወጡ መኪኖች ባሕር ዛፍ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ያገኛሉ። ክላክስ ይደረጋል። እናቲቱ አትዞርም፣ አትቆጣም፣ እርምጃዋን አትለውጥም። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚታይ እንዲህ ያለ እርጋታ አጥኚውን እጅግ አስደነቀውና መዘገበው። ቀርቦ ሲያይ ግን ሸክሙ ጀርባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጎብጣል፤ ገመዱ ደረቷን ወጥሮ ይዟል፤ አንገቷ ወደ ኋላ የሚዞርበት ቦታ የለውም። ግኝቱ ከመዝገቡ ተሰርዟል።

አንድ መዝገብ

የተለመደው ጉዳይ እንዲህ ይነበባል። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም፤ ቦታው መገናኛ፤ ተከራካሪዎች አንዲት ቪትዝና አንድ የካራ ሚኒባስ። የቪትዟ ባለቤት ወርዶ ፓራውልቱን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፤ ጭረቱ ከአቧራው ጋር በከፊል ይለቃል። ይህ ማስረጃ በሁለቱም ወገን አይጠቀስም። ሊስትሮው በባለሙያ ምስክርነት ይቀርባል፤ «እሱ ነው የገባበት» ይላል፤ ማን ማን ላይ እንደገባ ሲጠየቅ ብሩሹን ያነሳል። ከኋላ እስከ ላምበረት የተሰለፈው መኪና አስተያየቱን በክላክስ ይሰጣል።

በዚህ መሃል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ክቡን ገፋ አድርገው ይገባሉ። ማንም አልጠራቸውም፤ መንገዳቸው ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው ልጆቼ?»

ሁለቱ እኩል ይጀምራሉ። «አባባ፣ ይዩልኝ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ…» «ቆሜ እኮ ነው አባቴ፣ ሰው እያወረድኩ…» ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተደግፈው ያዳምጣሉ።

«የሞተ አለ?»

«የለም።»

«የቆሰለስ?»

«ኧረ ማንም!»

ሽማግሌው ዞር ብለው የተሰበሰበውን ሰው ያዩታል። «ታዲያ ይኼ ሁሉ ለቀስተኛ ለማን ነው?»

ክቡ ይስቃል። የሚኒባሱ ሾፌር ይስቃል። የቪትዟ ባለቤት ላለመሳቅ ጥቂት ይታገልና ይሸነፋል። ትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ይዞ ሲደርስ የሚለካው የለም፤ «ማነው የጠራኝ?» ቢል ሁሉም ሊስትሮውን ያያል። ከቆሙት መካከል አንዱ ቶሎ አለቀ ብሎ ያጉረመርማል።

ሽማግሌው ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከሾፌሩ ኋላ ይቀመጣሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ካራ ኮተቤ! ካራ ኮተቤ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ የቀሩት ሦስት ናቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት ጣቶቹ መካከል ብሮቹን እንደያዘ፣ እጁን ወደ ዳኛው ይዘረጋል።

«አባባ፣ ሂሳብ።»