የእሳት ካሳን የማጣት ዘዴ

አዲስ አበባ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ቤት ወይም ሱቅ አለዎት እንበል። የእሳት መድን ዓረቦን እየከፈሉ ከቆዩ በኋላ እሳት ሲደርስብዎ ካሳውን ላለማግኘት ከፈለጉ ሥራውን ገና ፖሊሲው ሲፈረም ይጀምሩ። 4,000,000 ብር የሚያወጣውን ቤት በ1,000,000 ብር ያስመዝግቡት፤ ዓረቦኑ ይቀንስልዎታል። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ተቃጥሎ የ400,000 ብር ጉዳት ሲደርስ፣ «ከሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብለው ይጠብቁ። የመድን ስሌት ግን እንዲህ አይሄድም። ቤቱ መድን የገባው በዋጋው ሩብ ስለሆነ ከጉዳቱም የሚከፈለው ሩቡ፣ ማለትም 100,000 ብር ነው። የቀረው 300,000 ብር ከራስዎ ኪስ ይወጣል። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚረዳው አመዱ ላይ ቆሞ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው፤ የግንባታ ዋጋ በየዓመቱ እየናረ ፖሊሲው በዱሮው ቁጥር ይታደሳል።

ፎርሙ ላይ የቤቱ አገልግሎት ሲጠየቅ «መኖሪያ» ብለው ይሙሉ። ከዚያ የፊተኛውን ክፍል ለስፖንጅ ወይም ለቀለም መጋዘን ያከራዩና ለመድን ድርጅቱ ትንፍሽ አይበሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ያዛል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ያፈርሳል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድን ክፍሉ አልተሻረም፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

አሁን እሳቱ ተነስቷል። 939 ደውለው የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተዋል፣ እሳቱም ጠፍቷል። በማግስቱ ለመድን ድርጅቱ አይደውሉ። ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ አለ፣ የእድር ሰው አለ፤ እነሱን ያስተናግዱ። ሕጉ አደጋው መድረሱን ካወቁ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ስለሚያዝ፣ ቀኑን ለማሳለፍ አንድ ሳምንት ዝም ማለት ይበቃል።

ካሳ በብዛት የሚጠፋው ግን በጽዳት ነው። ጎህ ሲቀድ ጉልበት ሠራተኛ ይጥሩ፣ ግቢውን አስጠርገው የተጣመመውን ቆርቆሮና ብረት ለምናለሽ ተራ ነጋዴዎች ይሽጡ። ፎቶ አያንሱ። የጉዳት ገማቹ ሲመጣ ባዶ መሬት ያገኛል። ገማቹ እሳቱ ከየት እንደተነሳ፣ ምን ያህል ዕቃ እንደነበረና ምን እንደተረፈ የሚያውቀው ከፍርስራሹ ነው። የተረፈው ብረትም ዋጋ ስላለው ከካሳው ይታሰባል፤ ሳያስፈቅዱ ከሸጡት ጥያቄው ወደ እርስዎ ይዞራል። ገማቹ እስኪመጣ ድረስ ዝናብ እንዳይጨምርበት በላስቲክ መሸፈን፣ ሌባ እንዳይገባ መጠበቅ ይገባል፤ ማስጠረግ ግን አይገባም።

የዕቃውን ልክ በቃል ይናገሩ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነስቶ የብዙ ሰው ንብረት ወድሟል። በተከታዩ ወር ደግሞ በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሳ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ከተቃጠለ በኋላ መኖሩን ማስረዳት ይከብዳል። ደረሰኝ ካለዎት ደግሞ እዚያው ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት፣ አብሮ ይቃጠልልዎታል።

እሳቱ የመጣው ከጎረቤት የብየዳ ሥራ ከሆነ በሽማግሌ ታርቀው «ምንም አልጠይቅህም» ብለው ይፈርሙለት። እርቅ መልካም ነገር ነው፤ ጎረቤት ለዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ ጥፋተኛውን በእርስዎ ቦታ ተተክቶ የመጠየቅ መብት አለው። ያንን መብት በፊርማ ከዘጉበት ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። ይቅርታውን በአፍ ይስጡ፣ ወረቀቱን ግን መድን ድርጅቱ ሳያውቀው አይፈርሙ።

በመጨረሻም የቀረበልዎትን የመጀመሪያ ገንዘብ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ሳያነቡ ፈርመው ይውሰዱ። ወይም ተናደው ነገሩን እርግፍ አድርገው ይተዉት፤ ሁለት ዓመት ካለፈ የመክሰስ መብቱ በይርጋ ይቀራል።

ፌዙን እዚህ ላቁም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንቅልፍም ልብም የለውም። የሚሳሳተው ስለደነገጠ እንጂ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ የሚያስብለት ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የእድር ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ማመልከቻውን በጽሑፍ ያስገባለት፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስደርግለት፣ ፎቶ ያንሳለት። ባለንብረቱ ግምቱ አነሰ ብሎ ካመነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የራሱን የባለሙያ ግምት ያቅርብ። መድን ድርጅቱ አሻፈረኝ ካለ ለተቆጣጣሪው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላል። ውሉ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው ወደዚያ፣ ከሌለው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

እርስዎም ቤትዎ ደህና ሆኖ ሳለ ዛሬ ማታ ፖሊሲዎን አውጥተው ያንብቡ። የሚያበቃበትን ቀን፣ የገባበትን የገንዘብ መጠንና ሁከትና ብጥብጥ መሸፈን አለመሸፈኑን ይዩ። የደረሰኞችዎን ፎቶ ደግሞ ሌላ ሰፈር ላለ ዘመድ ስልክ ይላኩ።