የጋሼ ፍየሎችና የርካሽ ጠመንጃ ነገር

ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ ኮሎራዶ ተራራዋን ከኋላ ትታ ሜዳ ትሆናለች። የባለቤቴ አጎት ጡረታ ሲወጡ እዚያ ሜዳ ላይ መሬት ገዝተው ፍየል ማርባት ጀመሩ። በዓል በመጣ ቁጥር የዴንቨር ሐበሻ ስለሚጎርፍ ገበያው አያሳስባቸውም። የሚያሳስባቸው ከሐበሻው ቀድሞ፣ ሌሊት፣ ሳይከፍል የሚመጣው ካዮቲ ነው። የአገራችንን ቀበሮ ትንሽ አግዝፋችሁ አስቡት፤ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። የዘወትር ቀለቡ አይጥና ጥንቸል ቢሆንም ግልገል ካገኘ አይጸየፍም። ተኩላ ከአብዛኛው አሜሪካ ሲጠፋ ቦታውን የወረሰው እሱ ነው፤ ዛሬ ከሃዋይ በቀር የሌለበት ግዛት የለም።

ግልገል ሲያልቅባቸው ጋሼ ደወሉ። «ጠመንጃ እንገዛለን፤ ረከስ ያለ። አንተ ቋንቋውን ስለምትችል ና» አሉኝ። ቋንቋ መቻልና ጠመንጃ መቻል ለየቅል ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ጋሼ የአባታቸው ምንሽር ምሰሶ ላይ በተሰቀለበት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ጠመንጃ ለሳቸው የወንድ ልጅ ክብር ነው፤ በሬ ተሽጦ ነው የሚገዛው። መደብሩ ውስጥ ከካልሲና ከዓሣ መንጠቆ ጎን ተደርድሮ ዋጋ ተለጥፎበት ሲያዩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ ሁሉ ጠመንጃ ባለቤት የለውም?» አሉኝ።

ሻጩ ደግ ሰው ነበር። ለካዮቲ የሚሆኑትን ሦስት የጥይት ዓይነቶች አወጣልን። .22-250 በጣም ፈጣን ነው፤ ግን ጥይቱ ውድ ነው፣ በርሜሉንም ቶሎ ይበላዋል። በ1955 የወጣው .243 ዊንቸስተር ከካዮቲ አልፎ አጋዘንም ይጥላል። .223 ሬሚንግተን ደግሞ የጦር ሠራዊቱ ኤም 16 የሚጎርሰው ጥይት የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በገፍ ይመረታል፤ ርካሹ ፍሬው ግማሽ ዶላር አካባቢ ነው። ትከሻም አይመታም። ሰውየው «አጋዘን የማደን ሐሳብ ካላችሁ .243 ይሻላል» ቢልም ጋሼ የጥይቱን ዋጋ አይተው .223 ላይ ቆረጡ። እኔም ተስማማሁ፤ ለካዮቲ ከዚያ በላይ ባሩድ ምን ያደርጋል?

ጠመንጃውን በተመለከተ ደግሞ የድሮ ሰዎች «ርካሽ ጠመንጃ አይመታም» የሚሉት ነገር አልፎበታል። ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን፣ ሞስበርግ ፓትሪዮት የሚባሉት ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ደህና ተኳሽ ካገኙ ሁሉም ከ100 ያርድ የሻይ ስኒ አይስቱም። ዋጋው የወረደው ከመልካቸው ላይ ነው። ሳቬጅ በርሜሉን ከአካሉ ጋር የሚያስረው በትልቅ ነት ነው። ዓይን አይማርክም፤ ግን በ1958 ከወጣው ሞዴል 110 ጀምሮ ሥራውን አቅልሎ ዋጋውን ያወረደ ብልሃት ነው። ሰደፉ ፕላስቲክ ነው። ሻጩ አንድ ዶላር አውጥቶ በበርሜሉና በፕላስቲኩ መካከል አሾለከው፤ ያለ ችግር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ቀጥሎ ፕላስቲኩን በመዳፉ ጨበጥ ሲያደርገው ዶላሩ ተነክሶ ቀረ። «ስትተኩሱ እዚህ ጋ አትጭመቁ፤ በርሜሉን ከነካው ጥይቱ ይሸሻል» አለን። ጋሼ ዶላሩን በሐዘን ተመለከቱት።

ጣጣው የመጣው ወረቀቱ ላይ ነው። ከመደብር ጠመንጃ የሚገዛ ሰው የሚሞላው ፎርም 4473 መጀመሪያ አካባቢ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?» ይላል። ጋሼ ከኪሳቸው ፖስታ አወጡና ብሩን ወደ እጄ እየገፉ በአማርኛ «አንተ ፈርም፤ ምን ችግር አለው?» አሉ። በኛ ዘንድ ለዘመድ መፈረም ወግ ነው። ሻጩ አማርኛ ባይሰማም ፖስታ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወረቀቱን ከፊቴ ሳብ አደረገና ሽያጩ ቀረ አለ። በሌላ ሰው ገንዘብ ለዚያው ሰው እየገዙ «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ጋሼ ግሪን ካርድ ስላላቸው ራሳቸው መግዛት ይችሉ ነበር፤ ግን መታወቂያቸው ላይ ያለው የድሮው አድራሻ ነው። ስለዚህ እሱን ማስቀየር፣ ተመልሶ መሄድ፣ የጀርባ ምርመራ፣ በላዩ ላይ ኮሎራዶ ከ2023 ጀምሮ ያመጣችው የ3 ቀን ጥበቃ። ሒሳቡ ላይ ደግሞ ግዛቲቱ በኤፕሪል 2025 የጀመረችው 6.5 በመቶ የጠመንጃ ታክስ ተደመረ። «ርካሽ ነው ያልከኝ» ብለው ገላመጡኝ። እኔ ደግሞ ምንም አላልኩም።

ጠመንጃው እጃቸው ከገባ በኋላ ጋሼ ቁጠባው ጠመንጃው ላይ በሚገጠመው የዒላማ መነጽር ይሁን አሉና ከበይነመረብ በ40 ዶላር አዘዙ። እንዲህ ያለውን ቁጠባ አልወደውም። ጠመንጃው ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፤ የሚያየው ግን መነጽሩ ነው። ደህና መነጽር ላይ ያለች ቁልፍ አንድ ጊዜ ቀጭ ስትል ጥይቱን በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያህል ታዛውረዋለች። የጋሼ መነጽር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ምንም የለም፤ በአራተኛው ለዒላማ ካቆምነው ካርቶን ውጭ ይዘላል። እሑድን ሙሉ በግማሽ ዶላር የሚገዛ ጥይት እየቆጠርን አፈር ስናርስ ዋልን። በስተመጨረሻ ከጠመንጃው ግማሽ ዋጋ የሚያወጣ መነጽር ተገዛ፤ ካርቶኑም ወዲያው ተበሳ።

በኮሎራዶ ከብቱን የሚያጠቃበትን ካዮቲ ባለመሬቱ ያለ አደን ፈቃድ መግደል ይችላል። ስለዚህ ንጋት ላይ ከበረቱ ጀርባ ተጋደምን። የሚጮህ ጥንቸል ድምፅ የተቀዳበትን ማጫወቻ ከፈትኩት። ካዮቲ ይህን ሲሰማ ቁርስ የቀረበለት ይመስለዋል። የማጫወቻው ድምፅ ግን ሕፃን ሲያለቅስ ይመስላል፤ ቀድመው የሰሙትም ፍየሎቹ ናቸው። በረቱን ገንጥለው ወደ አስፋልቱ! ጋሼ ጠመንጃውን ለኔ ጥለው ተከተሏቸው። ካዮቲውስ? እንደ ባህሉ ከነፋሱ በታች፣ ከጀርባችን መጥቶ ኖሯል። ስዞር ተቀምጦ ያየናል። ከኋላው የጎረቤት ቤት ስላለ ቃታ የሚነካ ሰው አልነበረም።

ከቤቱ ወጥቶ ፍየል ያስመለሰን ያው ጎረቤት ነበር። «አህያ ግዙ» አለን። ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ተብሎ ያደገ ሰው ምን ያድርግ? ሰውየው ግን ቀልዱን አልነበረም። አህያ የውሻ ዘር አትወድም፤ ታሳድዳለች፣ ትረግጣለች፣ ትነክሳለች። ብቻዋን መሆን አለባት፤ ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ እየተጫወቱ ፍየሉን ይረሱታል። ከጠመንጃውና ከመነጽሩ ድምር ባነሰ ዋጋ አንዲት እንስት አህያ መጣች። ግልገሎቹም ማደግ ጀመሩ።

ጠመንጃው ታዲያ ሥራ ፈታ። ጋሼ ግን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጠመንጃ አይወዱም፤ አሁን አጋዘን አምሯቸዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ለአጋዘን ከ.24 ያነሰ አይፈቀድም፤ .223 ወደቀ ማለት ነው። «.243 ይሻላል ብዬ ነበር» አሉኝ ባለፈው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። የአደን ትምህርት መማር ግዴታ እንደሆነም ነገርኳቸው።

«ከ1949 በፊት ለተወለደ ግዴታ አይደለም ይላል፤ አንብቤያለሁ» አሉ።

«እርስዎ መቼ ተወለዱ፣ ጋሼ?»

«ግንቦት 47።»

«እሱ በኛ ነው። መታወቂያዎ ላይ 1955 ይላል።»

«እና በማን ልቁጠር?» አሉ ጋሼ።