ከነባለቤቱ

ዕቃ ሊዋስ የመጣ ሰው ከበር ጀምሮ ይታወቃል። ጫማውን ከወትሮው አብዝቶ ይጠራርጋል። ሰላምታው ይረዝማል፤ ያንተን ጤና ብቻ ሳይሆን የላሚቱን፣ የጥጃዋን፣ አምና ያመማትን የአክስትህን ጉልበት ሳይቀር ይጠይቃል። ቡናው ከአቦል ተነስቶ በረካ እስኪደርስ የመጣበትን ጉዳይ አያነሳም። ገንዘብ ሊበደር የመጣ ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። ዕቃ ሊዋስ የመጣው ግን ቀና ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፤ ዓይኑ የት እንዳረፈ ስታይ ነገሩ ይገባሃል።

ገንዘብ የጠየቀህን ሰው «የለኝም» ብለህ ትሸኘዋለህ። ኪስህን ገብቶ ያየ የለም። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ግን «የለኝም» አይባልም፤ እንግዳ እንዲያይልህ ብለህ የሰቀልከው ራስህ ነህ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ጠመንጃ በግድግዳው ላይ ያለው ሰው ሲሰማው ስለ እሱ የተነገረ ነው የሚመስለው።

እምቢ ማለት ደግሞ ከአፋችን አይወጣም። ስለዚህ ሰውየውን ላለማስቀየም ዕቃውን እናሳምመዋለን። «መጥረቢያው እጀታው ወልቋል»፣ «መሰላሉን ልጁ ወስዶት ነው»፣ «ጠመንጃው ቃታው አልነክስ ብሏል»። መከራው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ታሟል ያልከውን መጥረቢያ ጎረቤትህ ካልተኛ በቀር ልትፈልጥበት አትችልም፤ በሌሊት ብትፈልጥ ደግሞ መንደሩ ሌባ መጣ ብሎ ይነሳል። አንድ ጎረቤታችን መሰላል የለኝም ብለው ስለ ነበር ክረምቱን ሙሉ ጣራቸው ሲያፈስ በሳፋ ሲቀበሉ ከረሙ። መሰላሉ አልጋቸው ሥር ነበር።

እኔ እስካሁን ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ጣጣ በወጉ የፈቱት አንድ አጎቴ ብቻ ናቸው። የኖሩት ይፋት ውስጥ፣ ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ ነው። ሀብታቸው ጥቂት ማሳ፣ ጥንድ በሬና አንድ ምንሽር ነበር፤ ፍቅራቸውን ለማወቅ ግን ዝርዝሩን ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ ነው። ምንሽሩን አውርደው ሲወለውሉ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ አይኖርም። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይናቸው ውስጡን ያያሉ፤ ማንገቻውን ይስባሉ፤ ሰደፉን ቅቤ ያስነኩታል። ባለቤታቸው «የኔ ጸጉር ከሰደፉ የተረፈውን ነው የሚቀባ» ይሉ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም።

ጠመንጃ ለምን እንደማይዋስ ከእሳቸው ነው የተማርኩት። የድሮ ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ ጨው መሳይ ነገር ትቶ ያልፋል። ያ ጨው እርጥበት ይጠራል፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልነካው ብዙም ሳይቆይ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ተዋሽ ደግሞ ተኩሶ እንጂ አጥቦ አይመልስም። ጠመንጃው ሲመለስ ከላይ ስታየው እንደሄደ ነው፤ ሰደፉም ያበራል፣ ማንገቻውም በቦታው ነው። በሽታው የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ያነጣጠርክበት ሌላ፣ የመታኸው ሌላ ሲሆን ነው። ያኔ ማንን ትከሳለህ?

የጥይቱም ሒሳብ አለ። በአጤ ምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ዕቃ ይገዛ ነበር፤ ዝናሩን ሞልቶ የታጠቀ ሰው ቦርሳውን በወገቡ አስሮ ሄደ ማለት ነው። ጠመንጃ ከነጥይቱ ማዋስ እንግዲህ ገንዘብም ማዋስ ነበር። አጎቴ በተወለዱበት ጊዜ ያ ገበያ አልፎ ነበር፤ ልማዱ ግን በደማቸው ቀርቶ የተተኮሰ ጥይት ቀለሁ ካልመጣ አያምኑም። «ሦስት ተኩሼ ሳትኩ» ያላቸውን ሰው «ሦስቱን ቀለህ አምጣና እንተዛዘናለን» ይሉታል።

አንድ ማለዳ ከማዶ መንደር አንድ ጎልማሳ መጣ። ሰላምታውን፣ ቡናውን፣ የአክስትን ጉልበት ሁሉ ጨርሶ ግድግዳውን አየ።

«ጋሼ፣ ከርከሮ ማሽላዬን ጨረሰው እኮ።»

«ወይ ጉድ! ምነው እስካሁን ሳትነግረኝ?»

«ለአንድ ሌሊት ብቻ… ጠመንጃውን ቢያውሱኝ ብዬ ነበር።»

«ኧረ ጠመንጃው ያንተው አይደል እንዴ! ውሰደው። ብቻ እሱ ያለ እኔ ማደር አይሆንለትም። አብረን እንመጣለን።»

አብረው ሄዱ። የባለ ማሳው ሚስት ለአንድ ከርከሮ ጠባቂ ብላ ያሰናዳችው ራት በክብር እንግዳ ልክ ሆነ፤ ጠላው ቀረበ፤ አጎቴ ማማው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምንሽሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ተኙ። ባለ ማሳው ግን ማንኮራፋታቸው ለከርከሮው በቂ እንደነበረ ኋላ መስክሯል፤ በዚያ ሰሞን በዚያ ማሳ አካባቢ ዝርም አላለም። ጥይት አልወጣ፣ አፈሙዝ አልቆሸሸ፣ ጎረቤት አልተቀየመ። ጠያቂው ሁለተኛ ሊመጣ ሲያስብ የራቱን ወጪ ስለሚያሰላ ወንጭፉን ማጠባበቅ ጀመረ።

ሠርግ ላይ ነገሩ ይብሳል። በዚያ አገር ያለ ጠመንጃ አጀብ ሙሽራ መሄድ ውርደት ነው፤ ሚዜዎቹ ከየቤቱ ይለቃቅማሉ። አጎቴ ዘንድ የመጣ ሁሉ የሚያገኘው መልስ ያው ነው፤ ከነባለቤቱ። ሙሽራው ምንሽሩን አንግቶ ፎቶ መነሳት ቢያምረው አይከለክሉትም፤ ማንገቻው ጫፍ ላይ ግን የእሳቸው እጅ አለ። ዛሬ በዚያ አካባቢ የስንቱ ቤት የሠርግ ፎቶ ላይ ዘመድነታቸው የማይታወቅ አንድ ሽማግሌ ከሙሽራው ጀርባ ቆመው ይታያሉ። ልጆች «እኚህ ማን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ ወላጆች የሚመልሱት ይቸግራቸዋል።

ያም ሆኖ አጎቴን ከልባቸው የሚያናድዳቸው ዝገቱ አልነበረም፤ ፉከራው ነው። በሰው ጠመንጃ ግዳይ የጣለ ሰው መሐል ሜዳ ወጥቶ ዘራፍ ሲል የራሱን ስም ይጠራል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል። የጠመንጃው ባለቤት ጥግ ተቀምጦ ስሜ አሁን ይጠራል፣ አሁን ይጠራል እያለ ይጠብቃል። ፉከራው ያልቃል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ለእሱ የሚተርፈው የሚታጠብ አፈሙዝ ነው።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ጉዳይ ለስስታም ሰው ደግ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ጠመንጃ በፈቃድ የሚያዝ ነገር ነው፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለአማቹና ለሚዜው አይደለም። እምቢ ለማለት አፉ ለሚታሰርበት ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም፤ ቃታ ከማሳመም አዋጅ መጥቀስ ይሻላል። ሌላው ንብረት ግን ይህ መጠጊያ የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዕቃ ስለማዋስ የሚናገርበት ክፍል አለው፤ እዚያም ማዋስ ማለት በነፃ ነው። ዋጋ ከተቀበልክ ኪራይ ይሆናል። አዋሽ ምንም እንደማያገኝ ሕግ አውጪውም አውቆታል ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሕግ ሳይሆን በግዝት ነበር የሚያጥሩት። የድሮ የብራና መጻሕፍትን ገለጥ ስታደርግ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ታገኛለህ። የፋቀው የተባለበት ምክንያት አለው፤ ብራና በምላጭ ሲፋቅ ቀለሙ ይለቃል፣ የባለቤቱ ስም ተነስቶ የሌላ ይገባበታል። አባቶቻችን ለሌባውም ለፋቂውም አስበዋል። ለአንድ ሳምንት ብሎ ወስዶ ለሠላሳ ዓመት መደርደሪያው ላይ ያኖረውን ሰው የሚያነሳ ግዝት ግን እኔ ባየኋቸው አልገጠመኝም። እሱ እንግዲህ አልሰረቀም፣ አልፋቀም፤ «እያነበብኩት ነው»።

የተውሶ ነገር ያስጨነቀው ሰው ካስፈለገ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ውስጥ አለ። ከነቢያት ልጆች አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ ውሃ ገባ። ሰውየው የጮኸው ብረት ጠፋ ብሎ አይደለም፤ የተዋስኩት ነው ብሎ ነው። ኤልሳዕ እንጨት ጥሎ ብረቱን አንሳፈፈለት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የምደነቀው በሚንሳፈፈው ብረት ብቻ አይደለም። ለተዋሰው ዕቃ እንዲህ የደነገጠ ተዋሽ መገኘቱም ሌላ ተአምር ነው።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ነገሩን አጥርተው ነው የያዙት። እርሾ፣ ፍም፣ አንድ ጭብጥ ጨው በአጥር ላይ ይተላለፋል። እርሾ ብትሰጥ አይጎድልባትም፤ እንዲያውም የራሷ የጠፋባት ዕለት የሰጠቻት ጎረቤት ዘንድ ታገኘዋለች። ምጣድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጎመን ዘር ታሽቶ፣ ተሟሽቶ፣ የእሳቷን ልክና የእጇን አዟዟር ለምዶ ዓይን ያለው እንጀራ ማውጣት እስኪጀምር ስንት እንጀራ አጣብቋል። የተሟሸ ምጣድ ስጪኝ የምትል ጎረቤት ብትመጣ መልሱ ቀላል ነው፤ «ሊጥሽን ይዘሽ ነይ፣ እዚሁ እንጋግርልሽ»። አጎቴ ትልቅ ብልሃት አገኘሁ ብለው በኩራት ሲኖሩ፣ ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው በየሳምንቱ ያንኑ ያደርጉ ነበር።

ብልሃቱ የማይሠራበት ደግሞ አለ፤ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የወሰደ ሰው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደውን ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦትና መጽሐፍ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። አጤ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥቱን ስላስመለሱ፣ መጠየቅ ዋጋ አለው ማለት ይቻላል። ሌላው ብዙው ግን እዚያው ቀረ። በ2010 ዓ.ም. ታዲያ ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር አዲስ ሐሳብ አመጡ፤ ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በውሰት ማቅረብ ይቻላል አሉ። የወሰደ ሰው ለባለቤቱ ሲያውስ እንግዲህ ምን ይባላል? ባለቤቱስ ተዋሽ ሆኖ ጫማውን ጠራርጎ፣ የዳይሬክተሩን አክስት ጉልበት ጠይቆ ግድግዳውን ቀና ብሎ ሊያይ ነው?

ከተማ ስንገባ ይህን ጣጣ በአብዛኛው ያቀለለልን እድር ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ ሳህኑን በጋራ ገዝቶ የማንም ያልሆነ አደረገው። ማንም የማይሳሳለት ዕቃ ስለሆነ ማንም አይከለክለውም። ብርጭቆ ከሰበርክ ትከፍላለህ፤ ቂም የለ፣ ኩርፊያ የለ፤ ንብረት ያዡ ቆጥሮ ሰጥቶህ ቆጥሮ ይቀበልሃል። ይህን ያሰበ ሰው ሐውልት ይገባዋል እላለሁ።

እላለሁ እንጂ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት የእኛ እድር አዲስ ድንኳን ገዛ። ሸራው ወፍራም፣ ቋሚው ብረት፣ ውሃ የማያስገባ ነው። ከተገዛ ጀምሮ አባላቱ ለስብሰባ ሲመጡ ግምጃ ቤቱን ከፍተው እያዩት ይገቡ ጀመር። በዚህ መሐል የአጎራባቹ እድር ድንኳኑን ለመዋስ ደብዳቤ ላከ። የእድሩ ዳኛ ጉባኤ ጠሩ። አንዱ ሸራው ለማጠፍ ከባድ መሆኑን አስረዳ፣ ሌላው የእነሱ ሰፈር ጭቃ እንደሚበዛበት አነሳ፣ አንድ አዛውንት ቋሚው ታሟል እንበላቸው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በመጨረሻ የተስማማንበት ድንኳኑ ይሂድ፣ ሁለት አባላት ግን አብረውት ሄደው ተተክሎ እስኪነቀል ከሥሩ ይቀመጡ የሚል ነበር። ዳኛው ፈቃደኛ ሲጠይቁ ጉባኤው ጸጥ አለ፤ አንዱ ወገቡን ያዘ፣ ሌላው መድኃኒት የሚውጥበትን ሰዓት አስታወሰ። ጸሐፊው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አላነበበም ነበርና መነጽሩን አጥልቆ ቀጠለ፤ ድንኳኑ የተፈለገው ለሊቀ መንበሩ ልጅ ሠርግ ነው፣ ሁለት በሬ ተገዝቷል ይላል። እጅ የማውጣቱ ነገር ሥርዓት ስላጣ ጸሐፊው ስም ለመመዝገብ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀ።